ሙዝ ከሌላ ሰብል ጋር ተተክሎ ሲታመም፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሔው

በደቡብ ኢትዮጵያ ጓሮዎች ሙዝ ብዙ ጊዜ ለብቻው አይቆምም። አርባ ምንጭ ዙሪያ ከማንጎ ጋር ታዩታላችሁ። ሲዳማና ጌዴኦ ደግሞ ከእንሰትና ከቡና ጋር ነው። በመስመሩ መሀል ቦሎቄ፣ በቆሎ፣ ጎደሬ ወይም ስኳር ድንች ይገባል። መሬት ለጠበበው ቤተሰብ ይህ ብልህ አሠራር ነው። ሙዙ ለገበያ እስኪደርስ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ቦሎቄው ግን በሦስት ወር ቤት ይገባል።

ሙዙ ሲታመም ግን ብዙዎቻችን የምናየው ሙዙን ብቻ ነው። ቶሎ መድኃኒት ፍለጋ እንሮጣለን። እኔ እንደማምነው የቅይጥ ማሳ ጣጣ አብዛኛው የሚመጣው ከጎረቤት ነው፤ ከጎረቤቱ ጥላ፣ ለጎረቤቱ ተብሎ ከሚወርደው ዶማ፣ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከሚሻገረው ቢላ። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። ቢጫው የጀመረው ከታች ካረጁት ቅጠሎች ነው ወይስ ከለጋዎቹ? ግንዱ ሲቆረጥስ ውስጡ ምን ይመስላል?

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ግን አልጠወለገም

ተክሉ በሙሉ ከገረጣ፣ የቅጠሉ አንገት ወደ ሮዝ ካደላና እድገቱ ከተጎተተ ናይትሮጅን አንሶታል። ዙሪያውን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ አጠገቡ በቆሎ አለ። በቆሎ ናይትሮጅን ይሻማል፤ ቁመቱም ለጋውን ሙዝ ያጠላበታል። እኔ በቆሎን ከሙዝ ጋር የምቀበለው ሙዙ በተተከለበት የመጀመሪያ ወቅት ብቻ ነው፤ ያኔም ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ። ከዚያ በኋላ ቦታውን ለቦሎቄ ልቀቁለት። ቦሎቄው ሲደርስ ሥሩን አትንቀሉ፣ ከላይ እጨዱት። ገለባውንም ወደ ሙዙ መልሱት። ፍግ ወይም ኮምፖስት ካለ ከግንዱ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ዙሪያውን አልብሱት።

አሮጌዎቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ ብርቱካናማ ቢጫ ሆነው ከደረቁና ወደ ታች ከታጠፉ ፖታሲየምን ጠርጥሩ። ሙዝ ይህን ንጥረ ነገር እንደ ጉድ ይበላል። 1 ቶን ፍሬ ከማሳ ሲወጣ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ፖታሲየም ይዞ ይሄዳል። አርባ ምንጭ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያራግፈው መኪና ከሙዙ ጋር የመሬቱንም ጉልበት እየጫነ ነው ማለት ነው። የሚመለስ ነገር ከሌለ ማሳው ይደክማል።

ደግነቱ ብዙ ፖታሲየም የሚቀረው ግንዱና ቅጠሉ ውስጥ ነው። ዘለላው ከተቆረጠ በኋላ ግንዱን እዚያው ከትፋችሁ ጎዝጉዙት። ይህ በሽታ ለሌለበት ተክል ብቻ ነው። የማድቤት አመድም ጥሩ ነው። አመዱን ከእርጥብ ፍግ ጋር ግን አትቀላቅሉት፤ የፍጉ ናይትሮጅን ተንኖ ይጠፋል።

መስኖ ባለበት ቦታ ሦስተኛ ምክንያት አለ። ውሃው ለቀናት ተኝቶ ከቆየ ሥሩ ይታፈናል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። ገበሬው ቢጫውን አይቶ «ጠምቶታል» ብሎ ሌላ ውሃ ይለቅበታል፤ ነገሩም ይብሳል። መጀመሪያ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሩና አፈሩን በእጃችሁ ጨምቁ። ውሃ ከወጣው መፋሰሻ ቦይ ነው የሚያስፈልገው። ጎደሬ እርጥብ ቦታ ይወዳል፣ ሙዝ ግን ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም አይችልም። ሁለቱን ስትቀይጡ ጎደሬውን ውሃ ወደሚጠራቀምበት ዝቅተኛ ጫፍ ውሰዱት።

የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ከአንገታቸው ተሰብረው ግንዱን እንደ ቀሚስ ከከበቡት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግንዱን ስትቆርጡት ውስጡ ቀይ ቡናማ ክር ክር ካለውና የሚያጣብቅ ፈሳሽ ካልወጣው የፉዛሪየም ፈንገስ ነው። መድኃኒት የለውም። አፈር ውስጥም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። አርባ ምንጭ ላይ በብዛት የሚተከለው አጭሩ ካቨንዲሽ የተባለው የሙዝ ዝርያ የተለመደውን የዚህ ፈንገስ ዓይነት ይቋቋማል፤ ስለዚህ በተበከለው ቦታ እሱን መትከል ወይም መሬቱን ለሌላ ሰብል መስጠት ይቻላል። ካቨንዲሽን ራሱን የሚገድል ሌላ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሞዛምቢክ ውስጥ መገኘቱ ይፋ ሆኗል። ዘመድ ከውጭ አገር የሙዝ ችግኝ በሻንጣ ይዞ እንዳይመጣ አጥብቄ የምለምነው ለዚህ ነው።

በነፋስ የተሰነጣጠቀ ቅጠል በሽታ አይደለም። ተዉት።

ለጋው ቅጠል ጠወለገ፣ ፍሬው ያለ ጊዜው በሰለ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ለጋዎቹ ወይም መሀል ያሉት ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ይጠወልጋሉ፣ ከመሀላቸው ይታጠፋሉ። ተክሉ ዘለላ ይዞ ከሆነ ከጫፉ የሚንጠለጠለው ወይን ጠጅ እምቡጥ ይጨማደዳል። ፍሬው ሳይሞላ ይበስላል፤ ሲቆረጥ ውስጡ ቡናማ ነው። ግንዱን ቁረጡና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከቁራጩ ላይ ቢጫማ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ብቅ ካለ አትጠራጠሩ፤ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ነው።

እንሰት አምራች ይህን በሽታ በደንብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ባክቴሪያው ተለይቶ የተገለጸው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በእንሰት ላይ ነው፤ በ1974 ደግሞ በሙዝ ላይ። ከ2001 ጀምሮ ኡጋንዳና ምሥራቅ ኮንጎ ገብቶ ኑሯቸው በሙዝ ላይ የቆመ ብዙ ቤተሰቦችን ጎድቷል። ሙዝና እንሰት የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። የሚገድላቸውም ያው ባክቴሪያ ነው። ሁለቱ በአንድ ጓሮ ሲኖሩ የአንዱ በሽታ የሌላውም ነው።

ዋናው ተሸካሚ ቢላ ነው። ጠዋት የታመመ እንሰት የቆረጠ ገጀራ ከሰዓት የሙዝ ቅጠል ይመለምላል። በበዓል ሰሞን ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ቅጠል ይፈለጋል፤ ቅጠል ቆራጩ በያዘው ቢላ ከጓሮ ጓሮ ይዞራል። ያኔ ለቅጠል የተገኘችው ገንዘብ ሙሉ ማሳ ልታሳጣ ትችላለች። ቅጠል የምትሸጡ ከሆነ ቆራጩ በእናንተ ቢላ ይጠቀም፤ ቢላዋም በእናንተ እጅ በእሳት ትለፍ። ከቢላ ሌላ፣ እምቡጡን የሚጎበኙ ነፍሳት፣ የታመመ ተክል የነጩ ከብቶችና ጤነኛ መስሎ የሚሰጥ የታመመ ቡቃያ በሽታውን ያዛምታሉ።

የሚረጭ መድኃኒት ያመጣ ነጋዴ ቢኖር አትግዙት። ይህን በሽታ የሚፈውስ ኬሚካል የለም። የሚሠራው እንዲህ ነው። የታመመውን ግንድ ብቻ በአፈሩ ልክ ቁረጡት። በአንድ ጉድጓድ ላይ ያሉት ሁሉም ግንዶች ሁልጊዜ አይያዙም፤ ስለዚህ በድንጋጤ ጉድጓዱን ሁሉ አትንቀሉ። በየሳምንቱ ዞራችሁ እዩ፤ አዲስ ምልክት ያሳየውን ወዲያው ቁረጡ። ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ ገበሬዎች በዚህ መንገድ በሽታውን በእጅጉ ቀንሰውታል። ቁም ነገሩ ለወራት ሳይሰለቹ መቀጠል ነው።

ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ ቢላው በእጅ እስከማይነካ ድረስ በእሳት ይሞቅ። ካልሆነም አንድ እጅ በረኪና ከአምስት እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ በዚያ ይታጠብ። በአንድ ግንድና በሌላው መካከል ማለቴ ነው፤ ቀን ሲመሽ አንዴ ማጠብ ምንም አያደርግም። የተቆረጠውን ለከብት አትስጡ፣ መንገድ ላይም አትጣሉት። አንድ ጥግ ላይ ከምሩና ከብት እንዳይደርስበት እጠሩት።

ጤነኞቹን ለመጠበቅ ደግሞ የመጨረሻዎቹ የፍሬ ጣቶች እንደወጡ ወይን ጠጁን እምቡጥ አስወግዱ። በቢላ አይደለም። ባላ ያለው ረጅም እንጨት አንሥታችሁ ጠምዝዛችሁ ስበሩት። ነፍሳቱ የሚገቡበት በር ይዘጋል፤ የቢላም ጣጣ የለም። ወጪው ባዶ፣ ጥቅሙ ግን ከሁሉም በላይ ነው።

ጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ከሞተ ነቅላችሁ ለስድስት ወር ሙዝም እንሰትም አትትከሉበት። ይህ ጊዜ ለቦሎቄ፣ ለበቆሎ ወይም ለስኳር ድንች ይሁን። ባክቴሪያው አስተናጋጅ ተክል ካላገኘ አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም። የቅይጥ እርሻ ጥቅም እዚህ ጋ ይታያል፤ መሬቱ ሲያርፍ ቤተሰቡ አይራብም።

ዘለላውን እንደያዘ ወደቀ

የወደቀውን ተክል ከሥሩ ተመልከቱ። በእንሰት አምቾ የምንለው ዓይነት ወፍራም የአፈር ውስጥ ክፍል ሙዝም አለው። እሱ ላይ ከተሰበረና ውስጡ የተቦረቦረ መንገድ ከሞላበት የሙዝ ነቀዝ ነው። ተክሉ ሥሩን ይዞ ከተገነደሰና ሥሮቹ አጥረው ቀይ ቡናማ ሆነው ከሞቱ ደግሞ ኔማቶድ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የሥር ትሎች ናቸው። እነዚህ ትሎች እንሰትንም ያጠቃሉ።

ለነቀዙ ጤነኛ ግንድ ሁለት ስንዝር ያህል ቁረጡ፣ ቁመቱን ለሁለት ሰንጥቁ፣ የተሰነጠቀውን ፊት ወደ አፈር አድርጋችሁ ከሙዙ ሥር አስተኙት። ነቀዙ ሌሊት ይወጣና ከቁራጩ ሥር ይሸሸጋል። በየሦስት ቀኑ ገልብጣችሁ ለቅማችሁ ግደሉ። ነቀዙ ብዙ አይበርም፤ ወደ አዲስ ማሳ የሚገባው እኛው በምንተክለው ቡቃያ ነው። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት የቡቃያውን ሥር በሙሉ ላጡት፣ የተቦረቦረውን ጣሉት፣ ጤነኛውን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ብቻ ንከሩት። ይህ ለኔማቶዱም ይሠራል።

ሦስተኛው ምክንያት ዶማ ነው። የሙዝ ሥር አብዛኛው ከላይ ባለው 40 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ስኳር ድንች ወይም ጎደሬ ከሙዙ ግርጌ ድረስ ተተክሎ ሲቆፈር ሥሩ አብሮ ይቆረጣል። በሚቀጥለው ነፋስ ተክሉ ይወድቃል፣ እኛም ነፋሱን እንረግማለን። የሚቆፈር ሰብል ከሙዙ አንድ ሜትር ይራቅ። ግርጌው አካባቢ አረሙን በእጅ ንቀሉና በወፍራሙ ጎዝጉዙ። ዘለላ ለከበደው ባላ ደግፉለት።

ዘለላው ቀነሰ ወይም መውጣት አቃተው

ቡቃያዎቹን ቁጠሩ። በአንድ ጉድጓድ ስድስት ሰባት ግንድ ከተጨናነቀ ፍሬው ማነሱ አይቀርም። እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፤ ሦስት ይበቃል። የሚቀረው ልጅ ቅጠሉ ጠባብ፣ ግርጌው ወፍራም የሆነው ነው። ሰፊ ቅጠል ቶሎ ያወጣው ቀጭን ቡቃያ ሥሩ ደካማ ነው።

ቅጠልም ቁጠሩ። ሙዝ ሲያብብ ስምንት ጤነኛ ቅጠል ያስፈልገዋል። ለበግ ወይም ለዳቦ መጋገሪያ ከዚያ በታች ከቀነሳችሁበት ፍሬው አይሞላም።

የማንጎና የአቮካዶ ጥላም አለ። ዛፎቹ ትንንሽ ሳሉ ሙዙ ጥሩ ይሰጣል፤ ከዓመታት በኋላ ቅርንጫፎቹ ሲገጥሙ ሙዙ ቁመት ብቻ እየጨመረ ፍሬው ይዘገያል። አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ማንጎውን መግረዝ ወይም ሙዙን ወደ ብርሃን ማዛወር። ሁለቱንም እንዳሉ አስቀምጦ ማዳበሪያ መጨመር ብክነት ነው።

ዘለላው ግንዱ አናት ላይ ተቀርቅሮ ከቀረ ብዙ ጊዜ ብርድ ወይም ድርቅ ነው። ሙቀቱ ወደ 14 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲወርድ ሙዝ እድገቱ ሊቆም ይደርሳል። ጨንቻን በመሰለ ደጋ እንሰትና አፕል ቢተከሉ ያዋጣል።

ሙዙ ደህና ነው፣ ጎረቤቱ ግን ከሳ

ቦሎቄው ቀጥኖ ከተሳበና አበባው ከረገፈ ብርሃን አጥቷል። በሁለተኛው ዓመት የሙዙ ቅጠሎች ሲገጥሙ ይህ ይጠበቃል። ቦሎቄ በየዓመቱ መዝራት የምትፈልጉ ከሆነ ከመጀመሪያው የሙዙን መስመር አስፉት፤ በመስመሮቹ መሀል 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ተዉ።

ቡናው ከቀጠነና ቅርንጫፉ ከጫፉ ከደረቀ ግን ጥላ በዝቶበት ብቻ ላይሆን ይችላል። የቡናና የሙዝ ሥር በአንድ የአፈር ደረጃ ላይ ስለሚኖር በውሃና በምግብ ይሻማሉ። በጉድጓዱ ያሉትን ግንዶች ወደ ሁለት ዝቅ አድርጉ። የሙዙን ግንጥል ቅጠልና ግንድ ሁሉ ወደ ቡናው ሥር አልብሱ፤ የቡናውን ግንድ ግን አይንካው፣ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ቦታ ተዉለት፤ ካልሆነ እርጥበቱ የቡናውን ልጥ ያበሰብሰዋል።