ቢሲኤል 2ን በንፍፊት ናሙና ላይ ማቅለምና ማንበብ

ቢሲኤል 2 ሴል ራሱን እንዳያጠፋ የሚከለክል ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ነው። በአብዛኛው ፎሊኩላር ሊምፎማ (ከቢ ሴል፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካል ከሚሠራ ነጭ የደም ሴል፣ የሚነሳ የንፍፊት ካንሰር) ላይ ጂኑ ከክሮሞዞም 18 ተቆርጦ ክሮሞዞም 14 ላይ፣ ፀረ እንግዳ አካል ከሚሠሩት ጂኖች አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል፤ እዚያ ከገባ በኋላ ሥራ አያቋርጥም። ንፍፊቱ የሚያብጠው ሴሎቹ ለመባዛት ስለተጣደፉ ሳይሆን አንሞትም ስላሉ ነው። በጤናማ ንፍፊት ግን በፎሊክሎች (ክብ የቢ ሴል ክምችቶች) መሃል ያለው የጀርሚናል ሴንተር ቢ ሴሎች ይህን ጂን ሥራ ያስቆሙታል፤ ብቁ ያልሆነው እዚያው ይሞታል። ምርመራው የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ንፍፊቱን እንደወጣ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ቆራርጣችሁ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ክተቱ። ሳይቆረጥ ከተነከረ ሽፋኑ ፎርማሊኑን ስለሚያዘገየው መሃሉ ይበላሻል፤ ያንን በኋላ የሚያስተካክል ቀለም የለም። በፓራፊን (ሰም) ከተቀበረው ናሙና 3 ማይክሮን ውፍረት ቁረጡ። ፓራፊኑን በዛይሊንና በአልኮል ካስወገዳችሁ በኋላ አንቲቦዲው ፕሮቲኑን እንዲያገኝ ፒኤች 9 በሆነ ኢዲቲኤ ፈሳሽ ከ95 እስከ 98 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አሙቁ፤ ሙቀቱ ካነሰ ቀለሙ ይደክማል። 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለ10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ቢሲኤል 2ን የሚይዘው አንቲቦዲ ለ30 ደቂቃ፣ በመጨረሻም አንቲቦዲው የያዘበትን ቡናማ የሚያደርገው ማሳያ፤ የአንቲቦዲው መቅጠኛ እንደ አምራቹ መመሪያ ይሁን። በመሃል ስላይዱ ፈጽሞ አይድረቅ። ኒውክለሱን ሰማያዊ የሚያደርገውን ሄማቶክሲሊን አታብዙ፤ ሰማያዊው ደካማውን ቡናማ ይሸፍነዋል።

ማይክሮስኮፕ ላይ መጀመሪያ ዕጢውን አትዩ። በፎሊክሎቹ መካከል ያሉትን ትንንሽ ቲ ሴሎችና የማንትል ዞኑን (ጀርሚናል ሴንተሩን የሚከብበውን የቢ ሴል ቀለበት) ፈልጉ፤ ጥርት ያለ ቡናማ መሆን አለባቸው። እነሱ ካልቀለሙ ስላይዱ ከሽፏል፣ ድገሙት፤ «ኔጌቲቭ» ብሎ መጻፍ በሽተኛውን መበደል ነው። ጤናማ ጀርሚናል ሴንተር በቡናማ ቀለበት የተከበበ ሰማያዊ ክብ ይመስላል። ውስጡ የተበተኑ ጥቂት ቡናማ ነጥቦች ቲ ሴሎች ናቸው፤ ቲ ሴልን በሚያሳየው በሲዲ 3 ቀለም አመሳክሩ። ክቡ በሙሉ ከቀለመ ደግሞ የጀርሚናል ሴንተር ሴሎችን በሚያሳዩት በሲዲ 10 ወይም በቢሲኤል 6 ጀርሚናል ሴንተር መሆኑን አረጋግጡ፤ ጀርሚናል ሴንተር ያልሠራ ጤናማ ፎሊክልም ሙሉ በሙሉ ቡናማ ነውና።

ቅርጹ ሊምፎማ እየመሰለ ቀለሙ ከጠፋ ክሎን 124ን (አንዱን የቢሲኤል 2 አንቲቦዲ ዓይነት) ጠርጥሩ። ጂኑ ላይ የሚፈጠር ሚውቴሽን ይህ አንቲቦዲ የሚይዝበትን ቦታ ይለውጠዋል፤ ፕሮቲኑ ሞልቶ ሳለ አይታይም። በክሎን ኢ17 ወይም ኤስፒ66 ድገሙ፣ ካልሆነም የክሮሞዞም ልውውጡን በፊሽ (FISH፣ ክሮሞዞሙን በሚያበራ ምልክት በሚያሳይ ምርመራ) ፈልጉ።