የሰፈር መናፈሻ በጀት እንዲኖረው ከፈለጋችሁ

ማዘጋጃ ቤት በጀት ክፍል ረጅም ዓመት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ዛሬም ባሕር ዳር ውስጥ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች ከሰላምታው ቀጥለው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ሰፈራችን ያለው ክፍት ቦታ መናፈሻ ቢሆንልን ብለን ነበር፤ ብሩ ከየት ይመጣል? ማንስ ይይዘዋል?» ነገሩ ስለሚያሳስበኝ ለሁሉም እንዲሆን ልጻፈው።

ከብሩ በፊት ቦታውን አረጋግጡ። የአገራችን ከተሞች ሲታቀዱ የሚሠራበት መለኪያ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል ነው። ፕላን ላይ አረንጓዴ የተቀባ ሁሉ ግን መሬት ላይ አረንጓዴ ሆኖ አይገኝም። ስለዚህ ከተማ ፕላን ክፍል ሄዳችሁ ያ ቦታ በመዋቅራዊ ፕላኑ፣ ማለትም የከተማው መሬት ለምን ለምን እንደሚውል በሚያሳየው ዋና ፕላን፣ ለምን አገልግሎት እንደተያዘ ጠይቁ። ከዚያ መሬት ልማት ጋ ጎራ በሉና ቦታው ተለክቶ በከተማው ስም መመዝገቡን እዩ። ያልተመዘገበ ቦታ መጨረሻው ይታወቃል። መጀመሪያ ቆሻሻ ይጣልበታል። ከዚያ የላስቲክ ቤት ይቆምበታል። ከዚያ ቆርቆሮ አጥር ይመጣል፤ አጥር ከቆመ በኋላ ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል።

በቃል አትጠይቁ። ደብዳቤ ጻፉ፣ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለመረጃ ጥያቄ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ 30 ቀን አድርጎታል። አዋጁን በደብዳቤው ላይ መጥቀስ ድፍረት አይደለም። እኔ ወንበሩ ላይ ሳለሁ አዋጅ የተጠቀሰበት ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ አያድርም ነበር።

ወደ ብሩ እንምጣ። የከተማ መናፈሻ በዋናነት የሚተዳደረው በማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ነው። ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የአገልግሎት ክፍያ ሁሉ እዚያ ይገባል። በጀቱ ሲደለደል ሁለት መልክ አለው። ካፒታል በጀት አዲስ ለሚሠራው ነው፤ ለአጥሩ፣ ለእግር መንገዱ፣ ለመቀመጫው። መደበኛ በጀት ለዕለት ሥራ ነው፤ ለጥበቃና ለአትክልተኛ ደመወዝ፣ ለውሃ፣ ለቦቴ ነዳጅ። ካፒታሉ እንደምንም ይገኛል። ምረቃ አለው፣ እንግዳ ይጠራበታል። በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄዱት የከተማ ልማት ፕሮግራሞችም ከተሞች ነዋሪው የተወያየበት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ እንዲኖራቸው ይጠየቅ ስለነበር መንገዱ የታወቀ ነው። የሚረሳው መደበኛው ነው። መናፈሻ ጠይቃችሁ የአትክልተኛውን ደመወዝ ካልጠየቃችሁ ግማሹን ብቻ ነው የጠየቃችሁት።

ለምን እንዲህ እንደምል ላሳያችሁ። ባሕር ዳር ዝናቡ መስከረም ላይ መሰናበት ይጀምራል። ሐምሌ ላይ የተተከለ ችግኝ ኅዳር ላይ ገና ለምለም ነው። የካቲት ላይ ቅጠሉ ከጠርዙ መቃጠል ይጀምራል። መጋቢት ላይ ግንዱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከታየ ይተርፋል፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ አልቋል። ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር፣ ብናስብ 200 ችግኝ 4,000 ሊትር ይፈልጋል። ይህ በሰፈር ልጆች በጎ ፈቃድ ብቻ የሚዘለቅ አይደለም። ቧንቧ መግባት አለበት። ቧንቧ ካለ ቆጣሪ አለ፤ ቆጣሪ ካለ ከፋይ ሊኖር ይገባል። የማውቀው አንድ መናፈሻ ቆጣሪው በሥራ ተቋራጩ ስም እንደሆነ ቀረ። ሥራው አለቀ፣ ከፋይ ጠፋ፣ ውሃው ተቆረጠ። ሣሩ ፋሲካ ሳይደርስ ገለባ ሆነ። ስለዚህ ቆጣሪው በማን ስም እንደሚሆን ግንባታው ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰን።

ጊዜው ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ሥራ ክፍሎች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ የሚያዘጋጁት ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድመው፣ በበጋው ነው። ጥያቄያችሁ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይግባ። ሰኔ ላይ የመጣ ጥያቄ ቢበዛ «ለከርሞ ይታያል» ተብሎ ይመለሳል። ደብዳቤው ለአረንጓዴ ልማትና ውበት ሥራ ክፍል ይሁን። ስሙ በየመዋቅር ለውጡ ስለሚቀያየር የወቅቱን ስም ቀበሌ ጠይቁ። ግልባጭ ለክፍለ ከተማው፣ እንዲሁም ለከተማው ምክር ቤት አድርጉ። በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። የመረጣችሁትን የምክር ቤት አባል ፈልጉና ቦታው ድረስ ይዛችሁት ሂዱ። ቦታውን በዓይኑ ያየ ተወካይ ስብሰባ ላይ የሚናገረው ሌላ ነው። የነዋሪዎች ፊርማና ቃለ ጉባኤም አያይዙ።

አያያዙን በተመለከተ በከተማችን የተለመደው ቦታውን ለተደራጁ ወጣቶች በውል መስጠት ነው። ጥሩ መንገድ ነው፤ ልጆቹ ጀበና ቡና አፍልተው፣ ሙሽራ አስተናግደው ይኖራሉ፣ ቦታውም ጠባቂ ያገኛል። ጣጣው የሚመጣው ውሉ ሁለት ገጽ ሆኖ ሲቀር ነው። ነፃ መግቢያ ይኑረው አይኑረው፣ ከቦታው ምን ያህሉ ላይ ወንበርና ዳስ ሊቆም እንደሚችል፣ ውሃና መብራት ማን እንደሚከፍል፣ የደረቀ ዛፍ ማን እንደሚተካ፣ ውሉ በምን ሁኔታ እንደሚቋረጥ ይጻፍ። የኪራዩ ብር ወደ ከተማው ካዝና ይገባል እንጂ በራሱ ወደ መናፈሻው አይመለስም። ስለዚህ የጥገናው ግዴታ በውሉ ውስጥ በግልጽ ይቀመጥ። ዕድሩ ወይም ሰፈሩ ብር ቢያዋጣም እንዲሁ ነው፤ ባንክ ይግባ፣ በጋራ ፊርማ ይውጣ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ።

ሐይቁ ዳር ለምትኖሩ ለብቻ የምለው አለ። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮው ተጠብቆ ሰውም አብሮ የሚኖርበት ቦታ፣ ነው። ሆኖም ብዙ የከተማችን ልጅ ሐይቁን ለማየት ሻይ አዝዞ መቀመጥ ግድ ሆኖበታል። ይህ ያሳዝነኛል። ዳርቻው ላይ ክፍት ቦታ ካላችሁ ሕንፃ አትጠይቁ፤ የእግር መንገድ፣ ጥላ፣ መቀመጫ ይበቃል። ውሃው ዳር የሚበቅለውን ደንገል አታስቆርጡ። ከከተማው የሚወርደውን ደለል የሚይዘው እሱ ነው። አፈር ሞልቶ ሣር መትከል ለፎቶ ያምራል፤ ሐይቁን ግን ይጎዳል።

በጀቱ ጸደቀ ተብሎ ሲነገራችሁ ወደ ቤት አትግቡ። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት መስከረም መጨረሻ ይዘጋል። ጥቅምት ላይ ሂዱና ለመናፈሻችሁ ከተያዘው ስንቱ እንደወጣ ጠይቁ። ጥበቃውና አትክልተኛው ካልተቀጠሩ ለምን እንደሆነ በደብዳቤ ይመለስላችሁ። ያልተነካ ገንዘብ በዓመቱ አጋማሽ ወደ ሌላ ሥራ ሊዛወር ይችላል። ችግኙ ደግሞ ውሃ የሚፈልገው ከኅዳር ጀምሮ ነው።