ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አርቁት

ጅማ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ፦ በዝናብ ወራት ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ልብስ ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ፣ ልብሱን ደጋግማችሁ ከማጠባችሁ በፊት ቁም ሳጥኑን ከውጭው ግድግዳ አራት ጣት ያህል ራቅ አድርጉት። ጠባብ ክፍል ውስጥ ቦታ እንደሚሻማ አውቃለሁ፤ ግን ያዋጣል።

የውጭው ግድግዳ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ከምግብ ማብሰያውና ቤት ውስጥ ከተሰጣ ልብስ የሚወጣው እርጥበት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። ከሳጥኑ ጀርባ አየር ካልተላወሰ ደግሞ አይደርቅም፤ ለሻጋታ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት ከተማ መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም።

ግድግዳው ራሱ በሚያፈስ ቧንቧ ከራሰ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ለመለየት ግድግዳውን በጨርቅ አድርቁና የሚያሳይ ስስ ላስቲክ በአራቱም ጎን በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉ። አንድ ቀን ይቆይ። ውሃው ከላስቲኩ ፊት ለፊት ከታየ የመጣው ከቤቱ አየር ነው። ከኋላው፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ግን ሳጥን ስትገፉ አትድከሙ፤ የቧንቧ ባለሙያ ጥሩ። የላይኛውን ቤት ጎረቤትም በደህና ቃል አነጋግሩ።