ለሕዝብ ክፍት የሆነ የሥነ ምድር ገለጻ እንዴት ይዘጋጃል?

አንድ የሥነ ምድር ማኅበር ለሕዝብ ክፍት የሆነ ገለጻ ሲያዘጋጅ አስቀድሞ ሊወስነው የሚገባው ጉዳይ ታዳሚው ከአዳራሹ ሲወጣ የትኛውን ጥያቄ መመለስ እንዲችል እንደሚፈለግ ነው። «የእሳተ ገሞራ ሳይንስ» የሚል ርዕስ ተናጋሪው ያሻውን ሁሉ እንዲያነሣ በር ይከፍታል፤ «ቅልጥ ዐለት አንዳንዴ እንደ ወንዝ የሚፈስሰው፣ አንዳንዴ ደግሞ የሚፈነዳው ለምንድን ነው?» የሚለው ግን ገለጻውን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ይመራዋል። መልሱም አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሊብራራ ይችላል። ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውሕድ) የበዛበት ቅልጥ ዐለት ዝልግልግ ስለሆነ በውስጡ የታመቀው ጋዝ በቀላሉ አያመልጥም፤ ሲሊካ ያነሰበት የባዛልት ቅልጥ ግን ቀጠን ያለ በመሆኑ ጋዙን እየለቀቀ ይፈስሳል። ርዕሱ በጥያቄ መልክ ከወጣ ማስታወቂያ መጻፉም በዚያው ይቀላል።

ተናጋሪ ሲመረጥ ጥልቅ ዕውቀትና የማስረዳት ችሎታ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ እንደማይገኙ ማሰብ ይገባል። ስኮትላንዳዊው የሥነ ምድር ሊቅ ጄምስ ሀተን ስለ ምድር ያለውን ንድፈ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1785 ለኤድንብራ ሮያል ሶሳይቲ ሲያቀርብ ታሞ ስለነበር የመጀመሪያውን ክፍል ያነበበለት ወዳጁ ኬሚስቱ ጆሴፍ ብላክ ነው። የሀተን አጻጻፍ ለአንባቢ ከባድ ስለነበረም፣ ሐሳቡ ይበልጥ የተሰራጨው ወዳጁ የሒሳብ ሊቁ ጆን ፕሌይፌር በ1802 ጥርት ባለ ቋንቋ ካብራራው በኋላ ነው። ስለዚህ የገለጻው ማስታወሻና ሥዕሎች አስቀድመው ከሌላ አንድ የማኅበሩ አባል ዘንድ ይቀመጡ፤ ተናጋሪው ቢታመም ያ አባል ይተካዋል። ተናጋሪው ደግሞ ከሙያው ውጭ ላለ ሰው አንድ ጊዜ ልምምድ ያድርግ፤ አድማጩም ያልገባውን ቃል ሁሉ ይመዝግብ። ለምሳሌ «ሜታሞርፊክ» የሚለው ቃል እስኪለመድ ድረስ «በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ዐለት» ተብሎ ቢነገር ከሳይንሱ የሚጎድል ነገር የለም።

እንደ እኔ እምነት ገለጻው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው በናሙናዎቹ ነው። ዐለት ስላይድ ላይ ብቻ ያየ ሰው ክብደቱን፣ ሻካራነቱንና ስብራቱን አያውቅም። ከላይ ለጠቀስነው ጥያቄ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሆነው ፑሚስ፣ ባልጩት የሚባለው ኦብሲዲያንና ባዛልት በቂ ናቸው። ፑሚሱን ውኃ በያዘ ሳህን ላይ አስቀምጡና ሲንሳፈፍ ታዳሚው ይመልከት። ከዚያም አረፋ የመሰለው ፑሚስና መስታወት የመሰለው ባልጩት በኬሚካዊ ይዘታቸው እጅግ ሊቀራረቡ እንደሚችሉና ልዩነታቸው በአብዛኛው ጋዙ ከወጣበትና ቅልጡ ከቀዘቀዘበት ሁኔታ እንደመጣ ሲነገር፣ ቀደም ሲል በቃል የተብራራው ነገር በእጅ ይዳሰሳል። የባልጩት ስብራት እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ጠርዙ የደነዘዘ ቁራጭ ይመረጥ። ገለጻው ስለ ኖራ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ዱቄቱ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ያወጣል፤ የሚወጣውም ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እርሳስ ያለበት ጋሌናና ቃጫ መሳይ የአስቤስቶስ ማዕድናት ግን ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፉ አይገባም። የእጅ ማጉያ መነጽር ካለ አጠቃቀሙ አስቀድሞ ይታይ፤ መነጽሩ ዓይን አጠገብ ይያዝና ድንጋዩ ጥርት ብሎ እስኪታይ ወደ እሱ ይቅረብ።

ሌላው አስቸጋሪ ጉዳይ ጊዜ ነው፤ ቢሊዮን የሚለው ቃል ብቻውን ለአድማጭ ምንም ሥዕል አይሰጥም። 4 ሜትር ከ54 ሳንቲ ሜትር ገመድ አዘጋጁና እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ይሁን፤ ገመዱ በሙሉ የምድር ዕድሜ ይሆናል። ሁለት ታዳሚዎች ጫፍና ጫፉን ይያዙት። የልዩ ልዩ እንስሳት ቅሪተ አካል በብዛት መታየት የጀመረበት የካምብሪያን ዘመን የሚጀምረው ከዛሬው ጫፍ 54 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ሲሆን፣ ከአዕዋፍ በቀር ዳይኖሰሮች የጠፉት በ6.6 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። የኛ ዝርያ የኖረበት 300 ሺህ ዓመት ገደማ ግን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል። በዚህ ጊዜ አዳራሹ ጸጥ ይላልና ተናጋሪው ለመቀጠል አይቸኩል።

አዳራሹን በተመለከተ ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንደሚሰማና የስላይዱን ጽሑፍ እንደሚያነብ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይበቃል።

ለጥያቄና መልስ ቢያንስ የሰዓቱ ሲሶ ይመደብ። ድንጋይ ይዘው የሚመጡ ሰዎች መኖራቸው አይቀርም፤ አብዛኞቹም ወርቅ መሆኑን ለማወቅ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለውን ሰው በአክብሮት መቀበልና ፍተሻውን ፊት ለፊቱ ማድረግ ተገቢ ነው። ናሙናው ባልተለሰነ የነጭ ሴራሚክ ጀርባ ላይ ሲፈተግ ወርቅ የሚመስለው ማዕድን ፓይራይት አረንጓዴ ቀመስ ጥቁር መስመር ሲተው ወርቅ ቢጫ መስመር ይተዋል፤ ፓይራይት ሲመታ ይሰባበራል፣ ወርቅ ግን ይጠፈጠፋል። የመሬት መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚደርስ ለሚጠይቅም መልሱ ግልጽ ይሁን፦ በተወሰነ አካባቢ በብዙ ዓመታት ውስጥ የመከሰት ዕድሉን መገመት ይቻላል፤ ቀኑን፣ ቦታውንና መጠኑን ለይቶ አስቀድሞ መናገር ግን እስካሁን አልተቻለም። ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በፍርሃት የሚጠይቁ ስለሆኑ፣ መንቀጥቀጡ ሲመጣ ራስን ስለ መጠበቅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሊታከልላቸው ይገባል።

ከተቻለ ገለጻውን የመስክ ጉብኝት ይከተለው። ሀተን በ1788 ፕሌይፌርንና ሌላውን ወዳጁን ጄምስ ሆልን በጀልባ በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ወደሚገኘው ሲካር ፖይንት ይዞ ሄዶ፣ ቀጥ ብለው በቆሙ ያረጁ የዐለት ንጣፎች ላይ ሌላ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ተንጋሎ መተኛቱን አሳይቷቸዋል። የታችኞቹ ተደልድለው፣ ጠጥረው፣ ቀጥ ብለው ከቆሙና ከተሸረሸሩ በኋላ ላዩ መደልደሉን በዓይናቸው አዩ። ለጉብኝቱ የሚመረጠው ቦታም እንዲሁ አንድ ነገር በግልጽ የሚታይበት ይሁን። አዘጋጆቹ ከሳምንት በፊት ሄደው መንገዱን ይፈትሹ፣ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቁ፣ ድንጋይ ሊናድበት ከሚችል ገደል ሥር ማንም እንዳይቆም የመቆሚያውን ቦታ ምልክት ያድርጉበት።