ከወንበር ስር የገባው ቤዝ እምቢ ሲል

ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ሳብዉፈር፣ ብዙዎቻችን «ቤዝ» የምንለው፣ ለቤተሰብ መኪና ሁነኛ ዕቃ ነው። ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አለ። ጋቢና ወንበር ስር ስለሚገባ የኋላው ዕቃ መጫኛ ለጤፉና ለሻንጣው ይተርፋል። እዚህ ደብረ ብርሃን የራሴ ኮሮላ ላይ፣ ከዚያም የጎረቤትና የዘመድ መኪና ላይ ስገጥምና ስፈታ አንድ ነገር አይቻለሁ፤ ዕቃው ራሱ ተበላሽቶ ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ገመዱ ላይ ነው። ስለዚህ «ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» ሲሏችሁ ኪሳችሁን ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያዙና በዚህ ሂዱ።

ጭራሽ አይነሳም

የሚያስነሱት ሦስት ገመዶች ናቸው። ከባትሪ የሚመጣው ፖዘቲቭ፣ ከመኪናው ቦዲ ብረት ጋር የሚታሰረው ግራውንድ፣ እና ከቴፑ የሚመጣው ቀጭኑ ማስነሻ፣ «ሪሞት» የሚባለው። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉና ሳብዉፈሩ ጋ ፖዘቲቩንና ግራውንዱን ለኩ። ሞተር ጠፍቶ 12.6 አካባቢ፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ደህና ነው። ዜሮ ካሳየ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከግራውንዱ ገመድ አንሱና ሌላ ቦታ ያለ ንጹህ የቦዲ ብረት ላይ አስነኩት። አሁን 12 ከመጣ ጥፋተኛው ግራውንዱ ነው። አሁንም ዜሮ ከሆነ ባትሪው አጠገብ ያለውን ፊውዝ እዩት።

ፊውዙ ከተቃጠለ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ የሚባለውን ነገር እባካችሁ ተዉት። ፊውዙ የሚጠብቀው ሳብዉፈሩን ሳይሆን ገመዱን ነው። ገመዱ ደግሞ ልጆቻችሁ በተቀመጡበት ምንጣፍ ስር ነው የሚያልፈው። መመሪያው የሚለውን ልክ፣ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 አምፔር፣ ተኩ፤ ቦታውም ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር አይራቅ። እንደገና ከተቃጠለ ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት እየነካ ነው። መጀመሪያ የወንበሩን ሐዲድ እዩ፣ ወንበር ወደ ኋላ ሲሳብ ይቆርጠዋል። ቀጥሎ ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባበትን ቀዳዳ እዩ፣ እዚያ የጎማ ማስገቢያ ከሌለ ስል ብረት ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ፖዘቲቩም ግራውንዱም ደህና ሆነው ካልተነሳ ሪሞቱን ለኩ። ተገዝቶ በሚገባ ቴፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ገመድ ነው። ቴፑ ሲከፈት 12፣ ሲዘጋ ዜሮ መሆን አለበት።

ጠዋት መኪናው አይነሳም

ይሄ በራሴ ደርሷል። መጀመሪያ የገጠመልኝ ሰው ሪሞቱን ያገናኘው ሁልጊዜ መብራት ካለው ቢጫ ገመድ ጋር ነበር። ቤዙ ለካ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል። በክረምት ምንም አልመሰለኝም። ኅዳር ገብቶ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲጀምር ግን ልጆች ትምህርት ቤት ላደርስ ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ቀረ። ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ያ ላይ ሌሊቱን ሲጠባ ያደረ ሲጨመርበት አይችልም። እኔ ደግሞ ባትሪውን አምቼ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም በሁለት ሳምንት እንደዚያው ሆነ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሪሞቱን ወደ ሰማያዊውና ነጩ አዛውሩት። የፋብሪካ ቴፕ ከሆነና እንደዚያ ያለ ገመድ ከሌለው፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ መብራት የሚያገኝ ገመድ ላይ እሰሩት። ከዚያ ቁልፉን ነቅላችሁ የሳብዉፈሩ መብራት መጥፋቱን በዓይናችሁ እዩ።

ድምፁ ከፍ ሲል ይቆረጣል

ሁለት ምክንያት አለው፣ ገመድና ሙቀት።

ገመዱን በቁጥር ላሳያችሁ። ከባትሪ እስከ ወንበር 5 ሜትር ያህል ነው። የቤት መብራት የሚዘረጋበት ባለ 1.5 ሽቦ ገብቶ ከሆነ 15 አምፔር ሲያልፍበት በመንገድ ላይ 0.9 ቮልት ገደማ ይበላል። ባለ 8 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ሲሆን የሚበላው 0.2 እንኳ አይሞላም። ቤዙ በሚመታበት ቅጽበት ቮልቱ ይወርዳል፣ አምፕሊፋየሩም ራሱን ያጠፋል። በዚያ ላይ የቤት ሽቦ አንድ ወጥ ስለሆነ በመኪና ንዝረት ይሰበራል። ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ሆኖ ከታየ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው፣ ተዉት፣ ወይም ወፈር ያለውን ውሰዱ።

ግራውንዱም ያው ነው። የታሰረበትን ብሎን ፍቱና ከስሩ ያለውን ተመልከቱ። ቀለም ካለ አልተሠራም ማለት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉት፣ የገመዱን ጫፍ በቀለበት አስይዙና ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ዝገት እንዳይዘው ላዩን ትንሽ ግሪስ ቀቡት። ግራውንዱ አጭር ይሁን፣ ውፍረቱም ከፖዘቲቩ አይነስ።

የሙቀቱን ነገር ያስተማረኝ የሸዋሮቢት መንገድ ነው። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ስንነሳ ቤዙ ግሩም ነበር። ጣርማ በር ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ልጆቹ ጋቢ ተከናንበዋል። ደብረ ሲናን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ መጣ፣ ጋቢውን አወለቁ። ሸዋሮቢት ልንገባ ስንል ቤዙ ጸጥ አለ። አቁሜ ፊውዝ አየሁ፣ ደህና ነው። ገመድ ነካካሁ፣ ደህና ነው። በመጨረሻ ትልቁ ልጄ «አባዬ፣ ጋቢው እኮ እዚያ ነው ያለው» አለኝ። ወንበሩ ስር ሸጉጠውት ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ አልብሶታል። እጄን ሳስነካው ብረቱ ያቃጥላል። ጋቢውን አውጥተን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤዙ ራሱ ተመለሰ። አምፕሊፋየሩ ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት ሥርዓት አለው፣ ይሄ ብልሽት አይደለም። ወንበር ስር ምንም አይሸጎጥ። የመኪናው የኋላ ማሞቂያ አየር የሚወጣበት አፍ ወንበሩ ስር ካለም ፊት ለፊቱ አታስቀምጡት።

ነዳጅ ስንሰጥ «ዊ…» ይላል

ጩኸቱ ከሞተሩ ጋር አብሮ ከቀጠነና ከወፈረ ከዲናሞው የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ግራውንዱን ከላይ እንዳልኩት አስተካክሉ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ የድምፅ ገመዱን ከሳብዉፈሩ ንቀሉት። ጩኸቱ ከጠፋ የሚገባው በድምፅ ገመዱ በኩል ነው። የባትሪው ገመድና የድምፁ ገመድ በአንድ ጎን ታስረው ከሆነ ለዩዋቸው፤ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ይሂድ።

ይሠራል፣ ግን ቤዝ የለውም

ሰው እዚህ ጋ ነው ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው። ከበሮው ሲመታ ደረታችሁ ላይ ካልተሰማችሁ የቴፑን ባላንስ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ መሃል አድርጉ። ለየብቻ ሲሆኑ ቤዝ ኖሮ መሃል ላይ ከጠፋ አንዱ የበር ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገልብጧል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ይጣፋሉ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የስፒከሩን ገመድ ከቴፑ ነቅላችሁ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ አስነኩት። ፖዘቲቩ ፖዘቲቩ ላይ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ወደ ውስጥ ከገባ ገልብጡት።

ስፒከሮቹ ደህና ከሆኑ ሳብዉፈሩ ላይ ያለውን የፌዝ (phase) ማብሪያ፣ መግፋትና መሳቡን የሚገለብጠውን፣ ከ0 ወደ 180 ለውጡና ሾፌሩ ወንበር ላይ ሆናችሁ ስሙ። ቤዙ ጎልቶ የተሰማበት ላይ ይቆይ። ሳብዉፈሩ እስከ የትኛው ድምፅ ድረስ እንደሚጫወት የሚወስነውን የፍሪኩዌንሲ ቁልፍ 80 ኸርዝ አካባቢ አድርጉ፣ ከዚያ በጣም ካለፈ የዘፋኙ ድምፅ ከወንበር ስር መምጣት ይጀምራል። ጌይን የሚባለው ቁልፍ ደግሞ ሳብዉፈሩን ከቴፑ ጋር ማመጣጠኛ እንጂ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ቴፑን ሦስት አራተኛ ድረስ ክፈቱ፣ ጌይኑን ድምፁ መሻከር እስኪጀምር ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ ትንሽ መልሱት።

የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል

ብዙ ጊዜ ታርጋው ነው። ከጀርባው የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ አስገቡ። ካልሆነ ሰው ያልተቀመጠበትን ወንበር የቀበቶ ዘለበት እዩ።

ወንበር ስር እጃችሁን ስትሰዱ

ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው። አትንኩት፣ በቴስተርም አትለኩት። ወንበሩን ማንሳት ግድ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሳጥኑንም ወለሉ ላይ እንዲሁ አታስቀምጡት። በክረምት ጫማ ይዞት የሚገባው ውሃ ምንጣፉ ስር ይጠራቀማል። እኔ ከስሩ አንድ ጣት የሚያህል ወፍራም ጎማ አድርጌለታለሁ፤ ነሐሴ ላይ ምንጣፉን ሳነሳ ወለሉ ርሶ ሳጥኑ ደረቅ ነበር።