መኪናዎ ከተነዳ በኋላ የቃጠሎ ሽታ ሲያመጣ ምንጩን እንዴት ማግኘትና ማስተካከል እንደሚቻል

ከጉዞ በኋላ የመኪናን በር ሲከፍቱ የሚቀበል የቃጠሎ ሽታ ብዙ አሽከርካሪዎችን በማግስቱ ወደ ጋራዥ ይወስዳል። በዚያ ሰዓት ግን መኪናው ቀዝቅዞ፣ ሽታውም ጠፍቶ ስለሚገኝ መካኒኩ ዕቃ የሚቀይረው በግምት ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ገና ትኩስ ሳለ የሽታውን ቦታ መለየት የአሽከርካሪው ሥራ ነው።

ሜዳማ ቦታ ይዘው ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ማርሽ ያስገቡ። የጋለ ፍሬን ላይ የእጅ ፍሬን መሳብ ስለማይመከር ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርጉ፤ ሲነሱ ግን ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥለው አይሂዱ፣ በሌሊት ለሚመጣ ሰው አደጋ ነውና።

ሽታው የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም ሽቦ የሚመስል ከሆነና ጭስ ካለ፣ ፍለጋውን ትተው ሰዎችን ያስወርዱ። ከኮፈን ሥር ነበልባል ከታየ ኮፈኑን አይክፈቱ፤ አየር ሲያገኝ እሳቱ ይብሳል። የተቃጠለ ፊውዝንም በሚበልጥ አምፔር ወይም በሽቦ መተካት ፈጽሞ አይገባም፤ ፊውዙ የተሠራው ሽቦው ከመጋሉ በፊት እንዲበጠስ ነው።

አደጋ ከሌለ መኪናውን እየዞሩ ያሽትቱ። ከሞተሩ በኩል የሚመጣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው) አልፎ በጋለው የጭስ መውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ነው፤ ዘይት በተቀየረ ማግስት ከሆነ ግን ሲሞላ የፈሰሰው ሊሆን ስለሚችል ጠርገው ጥቂት ይንዱ። ጣፋጭነት ያለው ሽታ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እየፈሰሰ መሆኑን ያመለክታል፤ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን አይክፈቱ። የጎማ ሽታ ከጩኸት ጋር ከመጣ ቺንጋውን (ሞተሩ የሚያዞረውን ቀበቶ) ይመልከቱ። በዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ መቆም የራሱ የሆነ ሽታ አለው፤ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል። ወደ መኪናው ሥር ማየትም አይርሱ፤ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ላይ የተጣበቀ ፌስታል ብዙ ሰው ያስደነግጣል።

ሽታው ከአንድ ጎማ የሚመጣ ከሆነ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የፍሬን ነው፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰውም እዚህ ላይ ነው። እኔ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ በሚለው ቁልቁለት ስወርድ የቀኝ የፊት ጎማ ሲሸት ፍሬን ስላበዛሁ ነው ብዬ ደመደምኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ፣ ፍሬን እምብዛም ባልነካሁበት ዳገት ላይ ሽታው መባሱን ግን ልብ አላልኩም። ደጀን ስደርስ ጎማው ላይ ውሃ ደፋሁበት፤ የጋለው ዲስክ ተጣመመ፣ ከዚያም ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በኋላ የፍሬን ሸራው ተቀየረ፣ ሽታው ተመለሰ፤ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ተቀየረ፣ አሁንም ተመለሰ። ጥፋቱ የነበረው የፍሬን ዘይት ወደ ካሊፐሩ በሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነው።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት እንግዲህ ይህን ያድርጉ። ፍሬን ሳያበዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ያቁሙና የእጅዎን ጀርባ ቸርኬው ሳይነካ አስጠግተው ግራና ቀኙን ያወዳድሩ፤ ሙቀት በርቀት የሚለካ መሣሪያ ጥሩ ነው፣ ግን ለዚህ ብቻ ብለው አይግዙ። የሚግለውን ጎማ በክሪክ ያንሱ፣ በመደገፊያ ያስደግፉ፣ ፍሬን ረግጠው ይልቀቁ፣ ከዚያ በእጅ ያሽከርክሩት። የማይዞር ከሆነ የካሊፐሩን አየር ማስወጫ ቡሎን በትንሹ ያላሉ። የፍሬን ዘይቱ በኃይል ወጥቶ ጎማው በነፃ መዞር ከጀመረ፣ ግፊቱ መመለሻ አጥቶ ታግቷል ማለት ነው፤ አንድ ጎማ ብቻ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ከውስጥ ያበጠው ቱቦ ነው፣ ከአንድ በላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ፍሬን ፖምፓው (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደሚገፋው ክፍል) ይሂዱ። ቡሎኑ ላልቶም ጎማው ካልዞረ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፔርኖዎች (ዘንጎች) ደርቀዋል ወይም ፒስተኑ ተጣብቋል። ፔርኖዎቹን አጽድቶ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ መቀባት ርካሹ ጥገና ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ፤ ተራ ግራሶ ግን ጎሚኒዎቹን (የላስቲክ ማሸጊያዎቹን) ያሳብጣል። የኋላ ጎማ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ ገመዱ መላላቱን ያረጋግጡ።

ቱቦ ወይም ካሊፐር ከተቀየረ አየሩ በሚገባ መውጣት አለበት፤ ይህን ያልለመደ ሰው ለመካኒክ ይተወው። በዚያው አጋጣሚ የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ። አዲስ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ዘይት ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል፣ ሲፈላም የሚፈጠረው እንፋሎት ፔዳሉን ወደ ወለል ይሰዳል። የሚሸት ጎማ ይዞ ቁልቁለት መውረድ የሌለበት ለዚህ ነው።

አዲስ ሸራ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ጥቂት ቢሸት አያሳስብም። ከጥገናው በኋላ ግን ያንኑ መንገድ ነድተው ሁለቱን ጎማዎች እንደገና በእጅዎ ጀርባ ያወዳድሩ፤ ሙቀታቸው እስኪቀራረብ ድረስ ወደ ረጅም ቁልቁለት አይውጡ።