የሞተርሆም ቶውባር ሲላላ፣ ሲነክስና ሲጣመም፦ ችግርና መፍትሄ

አሜሪካ ውስጥ በሞተርሆም (መኝታና ማብሰያ ባለው ትልቅ ተሽከርካሪ) የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ ትንሽ መኪና ከኋላው ያስከትላል። ትልቁ ካምፕ ላይ ይቆማል፤ በትንሿ ገበያ ይኬዳል፣ ሰው ይጠየቃል። አራቱም ጎማዎቿ መሬት ላይ ሆነው የምትጎተት ከሆነ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቶውባሩ (መጎተቻ ብረቱ) ነው። አንድ ጫፉ ሞተርሆሙ ሂች (ከኋላው ያለው የመጎተቻ ቱቦ) ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሁለት የሚረዝሙና የሚያጥሩ ክንዶች ተከፍተው ይወጡና ከመኪናዋ ባምፐር ጀርባ ከታሰረው ቤዝ ፕሌት ጋር በፒን ይያያዛሉ።

ሲያረጅ ቀድሞ ድምፅ ያሰማል። ብዙ ሰው ድምፁን እንደሰማ አዲስ ሊገዛ ይሮጣል። ጥሩ ቶውባር ግን ከ1,000 ዶላር በላይ ያስወጣል፤ ያለቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጥቂት ዶላር ፒን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የላላው የቱ ጋ እንደሆነ ይታወቅ።

ሲነሳና ሲቆም "ጓ" ይላል

ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ። የሞተርሆሙን ሞተር አጥፉና የእጅ ፍሬኑን ያዙ። መኪናዋ ግን ነፃ ትሁን። አንድ ሰው ወደፊትና ወደኋላ ይወዝውዛት፤ እናንተ ጎንበስ ብላችሁ ከሂቹ ጀምራችሁ ወደ መኪናዋ እያያችሁ ሂዱ። ጣት መገጣጠሚያው ውስጥ አይግባ።

ሂቹ ውስጥ የገባው ብረት ብቻ ከሆነ የሚንገጫገጨው፣ ብዙ አያስጨንቅም። ባለ 2 ኢንቹ ቱቦ ሁሌም ትንሽ ክፍተት አለው። በብሎን የሚጠብቅ የሂች ማጥበቂያ ይሸጣል፤ እሱን አስራችሁ ትገላገላላችሁ።

ቤዝ ፕሌቱ ጋ ያሉት ፒኖች ከሆኑ አውጥታችሁ በጨርቅ ጥረጉና ጥፍራችሁን በርዝመታቸው ጎትቱባቸው። ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለ ፒኑ አልቋል፣ ይጣል። ቀጥሎ ቀዳዳውን እዩ። ክብነቱን ትቶ እንደ እንቁላል ከሞለለ ግን አዲስ ፒን አይረዳም፤ ቀዳዳው ያለበት ክፍል ራሱ ይቀየራል። በብየዳ ሞልቶ እንደገና መብሳት የሚያምራቸው አሉ። እኔ በዚያ ቀዳዳ መኪና አልጎትትም።

ክንዶቹ የሚታጠፉበት መሀል ላይ ያለው ብሎን ከላላ ደግሞ በአምራቹ ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ማጥበቅ ነው። መቀየር ካለበት የአምራቹን ይዘዙ። ከብሎን መሸጫ ያገኛችሁትን እንዳታስገቡ። በኢንች የሚለካ ብሎን ራሱ ላይ ሦስት ጭረት ካለው ግሬድ 5፣ ስድስት ካለው ከዚያ የሚጠነክረው ግሬድ 8 ነው። ምንም ጭረት የሌለው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ስድስት ጭረት ባለበት ቦታ ሦስት ጭረት ያለው ካገኛችሁ፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው የነካካው ሌላ ነገርም ይኖራል ብላችሁ ሙሉውን ፈትሹ።

ክንዱ አልቆልፍ ይላል

መኪናዋ ከተያያዘች በኋላ ሞተርሆሙ ቀስ ብሎ ወደፊት ሲሄድ ክንዶቹ ተራ በተራ ረዝመው "ቀጭ" ብለው መቆለፍ አለባቸው። አንዱ ከዘገየ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አድርጋችሁ ሂዱ። አሁንም ካልቆለፈ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። ውስጠኛውን ክንድ እስከ ጫፉ አውጥታችሁ ጥረጉት። ጎማ ሽፋን ያለው ዓይነት ከሆነ ሽፋኑ ተቀዶ አሸዋና ውሃ እያስገባ እንዳይሆን እዩ፤ ሽፋኑ ብቻውን ይሸጣል። ወፍራም ግራሶ መለቅለቅ ግን ችግሩን ያባብሳል፣ አቧራ ይሰበስባል። የሚቀባው ምን እንደሆነ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

ተጠርጎም ካልያዘ የውስጡ መቆለፊያ አልቋል ማለት ነው። ይህ የጋራዥ ሙከራ ሥራ አይደለም። እንደ ብሉ ኦክስ (ፔንደር፣ ነብራስካ) እና ሮድማስተር (ቫንኩቨር፣ ዋሽንግተን) ያሉት አምራቾች መለዋወጫ አላቸው። ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ ደውሉ።

ክንዱ ነክሶ አልለቅ ይላል

እዚህ ላይ ነው መዶሻ የሚነሳው። ተዉት። ቶውባሩ አልተበላሸም፣ ተወጥሯል። ጠምዘዝ ብላችሁ ወይም ዳገት ላይ ስለቆማችሁ የመኪናዋ ክብደት ክንዱ ላይ አርፏል። ሰው ከመሀል ይውጣና ሞተርሆሙን ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ኢንች አንቀሳቅሱ፤ ውጥረቱ ሲላቀቅ የክንዱ መልቀቂያ ማንሻ በእጅ ይነሳል። ሲጀመርም ለመፍታት ስታስቡ ቀጥ ያለ ሜዳ ፈልጋችሁ ቁሙ።

ክንዱ ተጣሟል

ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ሁሌም አንድ ነው፦ መኪናዋ እንደተያያዘች ወደኋላ መንዳት። የፊት ጎማዎቿ እስከ መጨረሻው ይታጠፉና ኃይሉ ሁሉ አንድ ክንድ ላይ ያርፋል። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሁለት ሜትር "ትንሽ ብቻ" ማለትም ይበቃል። መፍትሄው ፈትቶ ወደኋላ መሄድ ነው። የተጣመመ ክንድ በእሳት አሙቆ አይቃናም፤ ይቀየራል።

ቶውባሩ ወደ አንድ ጫፍ አዘንብሏል

ከመሬት እስከ ሂቹ ቱቦ መሀል፣ ከዚያም ከመሬት እስከ ቤዝ ፕሌቱ መያዣ ለኩ። ሞተርሆሙ እንደ ጉዞው የተጫነ ይሁን፤ የአየር ሰስፔንሽን ካለው አየሩ ይሙላ። ልዩነቱ ከ3 ኢንች ካለፈ (አንዳንዱ አምራች እስከ 4 ይፈቅዳል) ከፍታ የሚያስተካክል መካከለኛ ብረት ያስፈልጋል። ያዘነበለ ቶውባር በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ መኪናዋን ወደ ሞተርሆሙ ስር ወይም ወደ ላይ ይገፋታል፤ መገጣጠሚያውንም ቶሎ ይጨርሳል። ያ ተጨማሪ ብረት የራሱ የክብደት ልክ እንዳለው አትርሱ። ቶውባሩ 10,000 ፓውንድ ቢችልና ሂቹ 5,000 ብቻ ቢሆን፣ ልካችሁ 5,000 ነው።

የፊት ጎማዎች ይርገበገባሉ

እንደ ጂፕ ራንግለር ያለ መኪና ላይ ይህ ከመጣ ቶውባሩን ከመክሰሳችሁ በፊት የመኪናዋን ትራክ ባር (የፊት አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘውን ብረት) እና ቦል ጆይንት (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበትን መገጣጠሚያ) አስፈትሹ። መሪው ያለመቆለፉንም እዩ።

ጠግኖ መቀጠል ወይስ መቀየር?

ፒን፣ ጎማ ሽፋን፣ ብሎን፣ የደህንነት ገመድ፦ ይቀየራሉ፣ ጉዞ ይቀጥላል። ብየዳው ላይ ስንጥቅ ካለ ግን በቃ። ስንጥቅ ሁልጊዜ አፉን ከፍቶ አይታይም። ቀለሙ ደህና መስሎ ብየዳው ጥግ ላይ ፀጉር የሚያክል ቡናማ የዝገት መስመር ካያችሁ አጥባችሁ በባትሪ እዩት። ቤዝ ፕሌቱንም እንዲሁ። የክብደት ልኩ የተጻፈበት ምልክት የጠፋበትን አሮጌ ቶውባር ደግሞ በርካሽም ቢሆን አትግዙ።

አዲስ ስትገዙ የአንዱ አምራች ቶውባር የሌላውን ቤዝ ፕሌት ያለ አዳፕተር ላይቀበል ይችላል፤ ጠይቁ። የደህንነት ገመዶቹ በቶውባሩ ስር ተጠላልፈው ይታሰሩ። መኪናዋ ብትላቀቅ ፍሬን የሚያስይዘው የብሬክአዌይ ገመድ ከቶውባሩ ላይ ሳይሆን ከሞተርሆሙ ላይ ይታሰር። ቶውባሩ ላይ ከታሰረና ቶውባሩ ከሂቹ ቢወጣ፣ ገመዱ ሳይሳብ አብሮ ይሄዳል። ትራክ የምትነዱ ወገኖች ፕሪ-ትሪፕ (ከጉዞ በፊት የሚደረገውን ፍተሻ) ስለለመዳችሁ ይህን ሁሉ መዞር አይከብዳችሁም። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ የቤዝ ፕሌቱን ብሎኖች በቶርክ ቁልፍ እንደገና ፈትሹ።